ዓይን ያልገባላቸው ቅዱሳን፦ የማኒላ የአምስት ቀን ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዱባይ የተነሣው አውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በርሮ ማኒላ ሲያርፍ መሽቶ ነበር። የዚህ ጉዞ መነሻ አንድ የጠረጴዛ መሳቢያ ነው። ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ በመሳቢያዋ ውስጥ ከእስክሪብቶና ከደረሰኝ ጋር ጣት የምታህል የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል ታስቀምጥ ነበር፤ ቀይ ካባ የለበሰ፣ ዘውድ የደፋ፣ በግራ እጁ ዓለምን የያዘ ሕፃን። እኔ ሥዕል እንጂ ቅርጽ በማይገባበት ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ሰው ነኝና አንድ ቀን በድፍረት «ይህ የተቀረጸ ምስል አይደለም ወይ?» አልኳት። አልተቆጣችም። «ኩያ፣ አገሬ መጥተህ እይና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብላ መሳቢያዋን ዘጋችው። ኩያ በቋንቋቸው ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ከእሷ በሁለት ዓመት ስለምበልጥ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃዳችን ገጠመ። እነሱ ሳንቶ ኒኞ የሚሉት የሕፃኑ ኢየሱስ በዓል በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሦስተኛ እሑድ ላይ ይውላል፤ ያ እሑድ በዚህ ዓመት ከእኛ ጥምቀት ጋር በአንድ ቀን ዋለ። ጥምቀትን ከታቦት ርቄ ማሳለፌ ቅር ቢለኝም ትኬቱን ቆርጬ ነበር። ለአንባቢ እንዲመች፣ ከዕለቱ ቀኖች በቀር በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓርብ፣ ጥር 9 ቀን

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንትራሙሮስ ደረስን። ስሙ «በቅጥር ውስጥ» ማለት ነው፤ ሌጋስፒ የተባለው የስፔን አዛዥ በ1571 ማኒላን የቅኝ ግዛቱ መዲና ካደረጋት በኋላ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ይህችው ናት። በየካቲት 1945 አሜሪካውያንና ጃፓናውያን እዚህ ውስጥ ሲዋጉ ከተማዋ ወደ ፍርስራሽነት ተለወጠች። በቅጥሩ ውስጥ ከነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ቆሞ የቀረው የቅዱስ አውግስጢኖስ ብቻ ነው፤ ሙዚየሙ ያለው ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጎን፣ በጦርነቱ ፈርሶ በኋላ በታደሰው ገዳም ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ከቀርከሃና ከዘንባባ ዓይነት ቅጠል የተሠራ ሲሆን፣ በ1574 ሊማሆንግ የተባለ ቻይናዊ የባሕር ወንበዴ ከተማዋን ሲወር ተቃጠለ። ሁለተኛው በ1583 የአገረ ገዢው ቀብር ሲፈጸም ከሻማ የተነሣ እሳት አስከሬኑ ያረፈበትን መጋረጃ ይዞ አወደመው። ከዚህ በኋላ መነኮሳቱ በድንጋይ ለመሥራት ቆረጡ፤ በ1607 የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጦች ሁሉ አሳልፏል። ይሁን እንጂ በ1880 የደረሰው የግራውን የደወል ማማ ሰንጥቆት ማማው ኋላ ፈርሷል። ከዚያ ማማ የወረደው 3,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን ደወል አሁን በሙዚየሙ መግቢያ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደወል ሁልጊዜ ከላይ እንጂ በዓይን ትይዩ አይቼ ስለማላውቅ ቆሜ በመዳፌ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ከበሩ ውጪ ሁለት የቻይና የድንጋይ አንበሶች ይጠብቃሉ። ጓደኛዬ ሳታያቸው አለፈች፣ እኔ ግን ቆምኩ፤ የስፔን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቻይና አንበሳ ምን ይሠራል? መልሱን ያገኘሁት ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ከ1565 እስከ 1815 ድረስ ከሜክሲኮው አካፑልኮ ጋር በመርከብ ትገናኝ ነበር። ከሜክሲኮ ብር ይመጣል፣ ከቻይና ሐር፣ ሸክላና ሰው ይመጣል። ሳንግሌይ የሚባሉት ቻይናውያን ነጋዴዎችና ባለ እጆች ከግንቡ ውጪ ፓርያን በተባለ ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ስፔናውያን ይፈሯቸዋል፣ ያለ እነሱ ግን ዳቦም ጫማም ቅዱስም አያገኙም። የመጀመሪያው የማኒላ ጳጳስ ዶሚንጎ ደ ሳላዛር በ1590 ለንጉሡ በጻፉት ደብዳቤ፣ እነዚህ ሰዎች ከዝሆን ጥርስ የቀረጿቸውን የሕፃኑ ኢየሱስ ምስሎች አይተው ከዚያ የተሻለ ሊሠራ እንደማይችል፣ በቅርቡም ከአውሮፓው ፍላንደርስ የሚመጣው ምስል እንደማያስፈልግ ገልጸዋል። የዝሆን ጥርሱ በፖርቱጋሎች መርከብ ከእስያም ከአፍሪካም ይመጣ ነበር።

በመስታወት ሣጥኖቹ ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። አንድ የተሰቀለ ክርስቶስ ሰውነቱ ወደ ጎን ለዘብ ብሎ ታጥፏል፤ ሐዘን መስሎኝ ነበር፣ ጓደኛዬ ግን ያጠፈው የዝሆኑ ጥርስ ነው አለችኝ። ጠራቢው ጥርሱን ማቅናት ስለማይችል ሥጋውን ከጥርሱ ቁልመማ ጋር አስማምቶታል። ከጎኑ ያለችው ድንግል ማርያም ደግሞ የዓይኖቿ ቆቦች ከብደው ወደ ታች የወረዱ፣ አንገቷ ላይ ሁለት ሦስት ስስ እጥፋቶች ያሉባት ናት። ያ እጥፋት ከቡድሃ ምስል የመጣ ነው። ጠራቢው የማያውቃትን ሴት ፊት ሲቀርጽ እጁ የሚያውቀውን ፊት ቀረጸ። ላ ናቫል የምትባለውና ዛሬ በኬሶን ሲቲ የምትገኘው፣ ማኒላ ውስጥ እጅግ የምትከበረው እመቤታችን ፊቷና እጆቿ በ1593 ገና ክርስትና ባልተነሣ ቻይናዊ እንደተቀረጹ ይነገራል።

እዚህ ላይ ስለ ጎንደር አሰብኩ። የእኛ ሠዓሊያን ዛሬ «የጥንት» የምንላትን፣ በሰማያዊ መጎናጸፊያ ተሸፍና ሁለት እጆቿን ያነባበረችውን ማርያምን ከየት አገኟት? ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል ቅጂ ነው፤ ቅጂውን ያመጡት ደግሞ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ የእነዚህን ሰዎች እምነት በ1622 ተቀብለው፣ በ1632 ከብዙ ደም በኋላ ወደ ነበረው መልሰው፣ ልጃቸው ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ከአገር አባረሯቸው። ሥዕሏ ግን አልተባረረችም። የአበሻ ዓይን ተሠራላት፣ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆሙላት፣ ቤተኛ ሆነች። በማኒላ ሚስዮናውያኑም ቀሩ ምስሉም ቀረ፤ ፊቱን ግን እንደ ጎንደሩ ሁሉ የአገሩ እጅ ለወጠው።

ወደ ላይ በሚወስደው ሰፊ ደረጃ ወጥተን መዘምራኑ ወደሚቀመጡበት ሰገነት ገባን። ሞላቬ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ተጠርበው በዝሆን ጥርስ የተለበጡት ወንበሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው አሉ። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ጣሪያው ላይ የተቀረጸ አበባና ድርብ ቅስት የተንጠለጠለ ይመስላል። ሁሉም ግን ቅብ ነው፤ በ1875 ሁለት ጣሊያናውያን ሠዓሊያን ዓይንን እንዲያታልል አድርገው የቀቡት ልሙጥ ጣሪያ ነው። እኔን የያዘኝ ይልቁንም የዜማ መጽሐፉ ነው። ብራና ነው፤ ገጹ የበር ያህል ሰፊ፣ መስመሩ ቀይ፣ ምልክቱ ጥቁርና አራት ማዕዘን ነው። በኮምፒውተር ዘመን የተወለደችው ጓደኛዬ «ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ?» ስትል፣ መዘምራኑ በሙሉ ከአንድ መጽሐፍ ከርቀት እንዲያነቡ እንደሆነ ነገርኳት፤ ድጓን በቃሉ ከያዘ አጎቴ ጋር ያደግሁ ስለሆንኩ ብራና ላይ ለአንድ ጊዜ እንኳ አስተማሪ ሆንኩ።

ስፔናውያን ማኒላን ለአሜሪካውያን ማስረከባቸውን የሚደነግገው ውል በ1898 የተዘጋጀበትን ክፍል፣ የመነኮሳቱን የሐር አልባሳትና የሠዓሊው ሁዋን ሉና አጽም ያረፈበትን ከርሰ መቃብር በፍጥነት አለፍን። መጨረሻ ላይ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በአንድ ጥግ የቆመች የእመቤታችን ምስል ልብስ የላትም ነበር። ራሷና እጆቿ እጅግ በረቀቀ ጥበብ ተሠርተዋል፤ ከአንገቷ በታች ግን ሰውነት የሚባል የለም፣ በቀጭን ጣውላ የተገጣጠመ እንደ ወፍ ጎጆ ያለ ክፍት ማዕቀፍ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ባስቲዶር ይባላል፤ ሰው የሚያየው በልብስ የተሸፈነውን ስለሆነ ጠራቢው ያልሠራውን ሰውነት ልብስ ሰፊዋ ትሞላዋለች። ጓደኛዬ ፊቷን አዞረች። «እንዲህ ሊያሳዩዋት አይገባም ነበር» አለች በቀስታ። እኔ ሐውልት ሳይ እሷ ራቁቷን የቆመች እናት አይታ ነበር።

ከሙዚየሙ ወጥተን ምሳ ስንበላ ዓርብ በመሆኑ ሥጋ አልነካሁም። አሳላፊው ዶሮ ሥጋ መሆኑን እንዲያምን ለማድረግ ጓደኛዬ ብዙ ደከመች።

ቅዳሜ፣ ጥር 10 ቀን

ከተራ ነው። አዲስ አበባ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ በሚወርዱበት ዕለት እኔ ቶንዶ በተባለው የማኒላ ሰፈር፣ ከበዓሉ ዋዜማ ሰልፍ መካከል ነበርኩ። ይህን ሰልፍ ላክባያው ይሉታል፤ «ጉዞ» እና «ጭፈራ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተጋጥመው የተፈጠረ ስም ነው። ሰው ሁሉ የቤቱን የሕፃኑን ኢየሱስ ምስል በክንዱ ይዞ ወጥቶ በከበሮና በጥሩምባ እየጨፈረ ይሄዳል። አንዱ ሕፃን ቀይ ከፋይ ለብሷል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ እንደ ዓሣ አጥማጅ ባርኔጣ ደፍቷል። ፖሊስ የመሰለም አየሁ፤ ሣቄን ለመደበቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሄድን፤ መግቢያው በነጻ ነው። ቦሆል በተባለችው ደሴት ከዲሚያኦ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሬታብሎ፣ ማለትም በመሠዊያ ጀርባ የሚቆምና ቅዱሳን በየሣጥኑ የሚገቡበት የእንጨት ግድግዳ፣ አንዱን አዳራሽ ይዞታል። ሥራው ማለፊያ ነው፤ ነገር ግን ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው፣ ከጠዋቱ ጭፈራ በኋላ ደግሞ ባዶነታቸው በጣም ጎልቶ ታየኝ።

በዚሁ ሙዚየም ስም የተነሣ አንድ ክርክር ጓደኛዬ አጫወተችኝ። በ1980ዎቹ ሴቡ በተባለችው ደሴት ከቦልሆን ቤተ ክርስቲያን የስብከት ሰገነት አራት የተቀረጹ ጣውላዎች ተነቅለው ጠፉ። በ2024 ሙዚየሙ ከግል ሰብሳቢዎች በስጦታ አገኘኋቸው ብሎ ይፋ ሲያደርግ የሴቡ ሀገረ ስብከት «የእኛ ናቸው፣ ይመለሱልን» አለ። በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ መሆን አልቻልኩም። ኵርዓተ ርእሱን፣ ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ የነበረውን እሾህ የደፋውን የክርስቶስ ሥዕል፣ በ1868 ከመቅደላ የወሰደው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ለራሱ አስቀርቶት እንደነበረ ነገርኳት። ያ ሥዕል ራሱ የአውሮፓ ካቶሊክ ሠዓሊ እጅ ሥራ መሆኑን ስጨምርላት ተገረመች። «ታዲያ እናንተም የእነሱን ምስል ወደዳችሁ» አለች። ወደድን፣ ግን ሥዕል ነው፣ ቅርጽ አይደለም ብዬ ልከራከር ስል ላሊበላ ትዝ አለኝ። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ልክ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ቅዱሳን ቆመዋል። ዝም አልኩ።

እሑድ፣ ጥር 11 ቀን

ጥምቀት። ሌሊት በስልኬ የጃንሜዳውን ሥርዓት በቀጥታ ስከታተል አደርኩ፤ ሰዓቱ በአምስት ስለሚለያይ የባሕረ ጥምቀቱ ቡራኬ ሲደርስ እዚህ ቀኑ እየተጋመሰ ነበር። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ አያት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሎላን፣ አያት ማለት ነው፣ እንዴት ሰላም እንደምላቸው አስቀድማ አስተምራኛለች፤ የአዛውንቷን ቀኝ እጅ ይዞ ጎንበስ ብሎ በግንባር መንካት ነው። ጉልበት ስሞ ላደገ ሰው አዲስ ነገር አልነበረም፣ እንዲያውም ሎላ በአጎነባበሴ ደስ ተሰኙ።

ቤተሰቡ ከቅድመ አያት የወረሳት አንዲት የእመቤታችን ምስል አለችው። ፊቷና እጆቿ የዝሆን ጥርስ፣ ፀጉሯ የእውነተኛ ሰው ፀጉር፣ ሌላው ባስቲዶር ነው። ልክ በሙዚየም እንዳየኋት ዓይነት መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን ወርቅ ክር የተጠለፈበት ካባ ደርባ፣ አበባ ከብቧት፣ ሻማ በርቶላት ቆማለች። የሚያለብሷት ሎላና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ብቻ ናቸው፤ በር ተዘግቶ፣ ወንድ ወጥቶ ነው የሚለበሰው። ልብሷን የሚያጥቡበት ውኃ እንኳ ለብቻው ነው። ሎላ ትናንት ስለ ሙዚየሙ ምስል ከልጅ ልጃቸው ሰምተው ነበርና ረጅም ነገር ተናገሩ። ጓደኛዬ ስትተረጉምልኝ አጠር አደረገችው፦ «እዚያ ያለችውን የሚያለብሳት ሴት የላትም ይላሉ።»

እኔም ታቦት ያለ ልብስ እንደማይወጣ፣ ሥዕለ ማርያምም በመጋረጃ ተሸፍና በቅዳሴ ሰዓት እንደምትገለጥ ነገርኳቸው። ሎላ ራሳቸውን ነቀነቁና ተጨማሪ ሩዝ ጨመሩልኝ።

ሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

የመጨረሻው ቀን ነው፤ ለፓኤቴ አስቀምጬው ነበር። ከማኒላ በላጉና ሐይቅ ዳር ሦስት ሰዓት ገደማ ስንጓዝ ቆይተን ተራራ ሥር ካለች ትንሽ ከተማ ደረስን። ስሟ የመጣው መሮ ከሚለው የታጋሎግ ቃል ነው፣ ሥራዋም እንደ ስሟ ነው፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ መዶሻ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሆሴ ሉሲያኖ ዳንስ የተባለ የከተማው ተወላጅ የሣለው «ሰማይ፣ ምድርና ሲኦል» የሚባል ትልቅ ሥዕል አለ። ሲኦሉ ከሰማዩ ይልቅ ብዙ ድካም የተደረገበት ይመስላል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ በእሳት ውስጥ ያለውን ዲያብሎስ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

ጓደኛዬ የምታውቃቸው አንድ ጠራቢ ወደ ሥራ ቤታቸው አስገቡን። ወለሉ በፍቅፋቂ ተሸፍኗል። የሚጠርቡት ባቲኩሊንግ የሚባል ለስላሳ ቢጫ እንጨት ነው፤ ጉንዳንና ምስጥ ብዙ አይደፍሩትም አሉን። የምስል አሠራሩን በተራ አሳዩኝ። በመጀመሪያ ሰውነቱ በሻካራው ይወጣል፤ ቀጥሎ ፊቱ ይጠረባል፤ ከዚያ ፊቱ ከራሱ ላይ እንደ ጭንብል በመጋዝ ይቆረጥና የመስታወቱ ዓይን ከኋላ ገብቶ ፊቱ ተመልሶ ይለጠፋል። መገጣጠሚያው በጄሶና በሙጫ ይደፈናል፣ በላዩ የሥጋ ቀለም በስሱ ደጋግሞ ይቀባል፣ ይወለወላል። ለልብሱ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ ወርቅ ይለበጥና በላዩ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በሹል እንጨት ሲጫር ወርቁ አበባ ሆኖ ከሥር ይወጣል።

መደርደሪያው ላይ ዓይን ያልገባላቸው ሦስት ራሶች ተደርድረው ነበር። የማን እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሁለቱን ነገሩኝ፤ ሦስተኛውን ገና አልወሰኑም። ሙዚየም ያየኋቸውን ያረጁ ምስሎች ማን እንደሠራቸው የሚገልጽ ስም እንዳላየሁ ነገርኳቸው። የራሳቸው አባት የሠሩትም ምስል ላይ ስም የለም፣ ግን ጆሮውን አይተው ያውቁታል፤ እያንዳንዱ ጠራቢ ጆሮ የሚያወጣበት መንገድ አለው አሉ።

ከዚያ በተራቸው በአገሬ ጠራቢ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መስቀል የሚጠርቡ አሉ አልኩና አንገቴ ላይ ያለውን፣ እናቴ ወደ ዱባይ ስሄድ ያሰረችልኝን የእንጨት መስቀል አውልቄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ መስኮቱ አጠገብ ሄዱ፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ጫር አደረጉ፣ አሸተቱት። የመሮው ስፋት ምን ያህል እንደነበረና ጠራቢው ግራኝ ሳይሆን እንደማይቀር ለጓደኛዬ ነገሯት። ቀጥለው እንጨቱ ምን እንደሚባል ጠየቁኝ።

ለስምንት ዓመት አንገቴ ላይ ነበር። አላውቀውም አልኳቸው።